ለቡችላ የወር ደመወዜን ላውጣ?

ውድ አማካሪያችን፣ ጤና ይስጥልኝ።

የ38 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በዕጣ በደረሰን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴና ከ10 ዓመት ወንድ ልጄ ጋር እኖራለሁ። ወደዚህ ከመጣን ዓመት አልሞላንም። ቀድሞ የነበርንበት ግቢ ልጅ የሞላበት ስለነበር ልጄ ከደጅ የሚገባው ስሙ አሥር ጊዜ ተጠርቶ ነበር። አሁን ግን ከትምህርት ቤት ሲመለስ መስኮት ሥር ተቀምጦ ያመሻል። ዝምታው አሳስቦኛል።

በቅርቡ የሥራ ባልደረባዬ ውሻ ወለደች። ልጄን ይዤው ሄድኩና አንዱን ቡችላ አቅፎ አልለቅም አለ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ስለነበር አላስቻለኝም፣ “እሺ፣ እንወስደዋለን” አልኩት። ቡችላው አሁን አምስት ሳምንት ሆኖታል። ባልደረባዬም ቤት ስለጠበበው በዚህ ሳምንት ውሰጂልኝ ይለኛል።

ጭንቀቴ ሁለት ነው። አንደኛው ወጪው ነው። አሜሪካ ያለችው ታናሽ እህቴ “ሳትዘጋጁ ቡችላ እንዳታመጡ” ብላ ዝርዝር ላከችልኝ። አልጋ፣ የሚታጠፍ የብረት ቤት፣ የሚለብሰው ሹራብ፣ የሽንት ጨርቅ፣ ሻምፑ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ስድስት ዓይነት መጫወቻ። እዚህ ያለውን ዋጋ ጠይቄ ስደምረው ከወር ደመወዜ በለጠ። የቤቱ የባንክ ዕዳ አለብኝ። ደግሞም ከብሎካችን መግቢያ ላይ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ትለምናለች፤ በእሷ አጠገብ የውሻ አልጋ ተሸክሜ እንዴት አልፋለሁ?

ሁለተኛው እናቴ ናት። “የእመቤታችን ሥዕል ባለበት ቤት ውሻ አታስገቢም” ብላኛለች። ልጄ ይህን ሰምቶ ካለቀሰ ወዲህ ሁለቱ ተኮራርፈዋል። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃውን የምትወርደው ለቅዳሴ ብቻ ነው። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቼ ማታ 12 ሰዓት እገባለሁ።

ለቡችላ የግድ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? እናቴንስ እንዴት ላሳምናት?

የልጁ እናት፣ ግንቦት 20

*

እህቴ፣

ከዝርዝሩ ልጀምር፤ እሱ ሲቀልልሽ ስለ እናትሽ በተረጋጋ ልብ እንነጋገራለን። እህትሽ ክፉ አላሰበችም። ባለችበት አገር ሰው ቡችላ ሲያመጣ እንዲህ ተዘጋጅቶ ነው። ከላከችልሽ ውስጥ ግን አብዛኛው ቤትሽ ያለ ወይም ጭራሽ የማያስፈልግ ነው።

አልጋውን ተዪው። አንድ ጠንካራ ካርቶን ከፊት በኩል ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ውስጡ አሮጌ ጋቢ ወይም ከሰልባጅ የተገዛ ብርድ ልብስ ይነጠፍ። ቡችላ ካርቶኑን ይበላዋል፤ ሲበላው ሌላ ካርቶን ይተካል። ውድ አልጋም ቢገዛለት ያው መበላቱ አይቀርም። ክረምት እየመጣ ስለሆነ የሚነጠፈው ጨርቅ ሁለት ወይም ሦስት ቅያሪ ይኑረው፤ በሐምሌ የታጠበ ነገር እንዴት እንደሚደርቅ አንቺም ታውቂዋለሽ። የሽንት ጨርቁ ቦታ ላይ አንድ ሰፊ ሳፋና ከአናጺ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ ይበቃል። ለምግብና ለውኃ ሁለት የብረት ሳህን ግዢ፤ ፕላስቲክ ያኝክና ስባሪውን ይውጣል። መጫወቻው የተቋጠረ የአሮጌ ጨርቅ ገመድ ሊሆን ይችላል፤ ጥርስ በሚነቅልበት ጊዜ፣ ማለትም ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ዕድሜው፣ ያው ጨርቅ እርጥብ ሆኖ ቢቀዘቅዝለት ድዱን ያስታግስለታል። አሮጌ ጫማ ግን አትስጡት። የአሮጌውንና የአዲሱን ልዩነት አያውቅም፤ የልጅሽን የትምህርት ቤት ጫማ ያገኘ ቀን ጥፋቱ የእናንተ ይሆናል። ሹራቡ እንኳን ለእሱ ለእኛም አልተረፈ።

የአንገት ማሰሪያና መሳቢያ ገመድ ግን ግዢ። ማሰሪያው ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን፤ ቡችላ በፍጥነት ስለሚያድግ ልጅሽ በየሳምንቱ በጣቱ ይለካው። በየግቢው የምናየውን ከባድ ሰንሰለት ለቡችላ አታስቢው።

አንድ ነገር ደግሞ ከእህትሽ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ እሷ አራተኛ ፎቅ አትኖርማ። በረንዳችሁ የብረት አጥር ካለው በብረቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለኪ። የቡችላ ራስ የሚያሳልፍ ከሆነ የሽቦ መረብ መወጠር አለበት፣ አለበለዚያም የበረንዳው በር ዘወትር ተዘግቶ መዋል አለበት። ከሁሉም በፊት የምትገዢው ይህ መረብ ነው።

አሁን ገንዘብ ወደሚፈልገው ነገር ልምጣ። ክትባት ነው። በዚህ ላይ አትቆጥቢ። ቡችላዎችን በጥቂት ቀናት ተቅማጥና ትውከት የሚገድለው ፓርቮ የሚባል በሽታ አለ፤ መከላከያው የሚጀመረው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ዕድሜ ሲሆን በየሦስትና አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይዘልቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጠዋል፤ በዓመቱም ይደገማል። የሆድ ትል መድኃኒትም አለ፤ ቡችላዎች ብዙውን ጊዜ ከእናታቸው ትል ይዘው ይወለዳሉና እስከ ሦስት ወር በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ወር በየወሩ ይሰጣል። መጠኑን በክብደቱ የሚወስነው የእንስሳት ሐኪም ነው። ወረዳችሁ ውስጥ የመንግሥት የእንስሳት ሕክምና መኖሩን ጠይቂ፤ በአቅራቢያሽ ካሉት የግል ክሊኒኮች ጋር ዋጋውን አወዳድሪ። እህትሽ ክትባቱን በሰው ልላክ ብትል እንዳትቀበዪ፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልቆየ ዋጋ የለውም። በዕቃው ፈንታ የክትባቱን ገንዘብ እንድትልክ ጠይቂያት። ብዙ ብር በማይጠይቅ መንገድ መርዳት ስትችል ደስ የሚላት ይመስለኛል።

በሕሊናሽ ስለተመላለሰው ጥያቄ የማስበው ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ለምኖ አዳሪ ባለበት ደጃፍ የውሻ አልጋ ይዞ ማለፍ ያሳፍራል ስትዪ ስሜትሽን አልነቅፈውም፤ እኔም በቦታሽ ብሆን አልጋውን አልሸከምም። ክትባቱ ግን ለውሻ የተደረገ ቅንጦት አይደለም። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ከሚነከሱትም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ያልተከተበ ውሻ በደረጃው ሲወጣና ሲወርድ የብሎኩ ልጅ ሁሉ፣ የዚያችም እናት ሕፃን ጭምር፣ አደጋ ላይ ነው። ይህን ወጪ ማንም ፊት ቀና ብለሽ ማውጣት ትችያለሽ። ለልጅሽም አንድ ነገር ከወዲሁ አስተምሪው፦ ማንኛውም ውሻ፣ የራሱም ቢሆን፣ ከነከሰው ወይም ከቧጨረው ሳይደብቅ ወዲያው ይንገርሽ። ቁስሉ በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። እናትሽ ጸበል ልውሰደው ቢሉ ጸበሉ ከክትባቱ በኋላ ይደርሳል።

ስለ ምግብ ጥቂት ልበል፤ እኛ ቤት ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። የተረፈ ወጥ በእንጀራ ፈትፍቶ መስጠት የተለመደ ነው፤ ወጣችን ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የሞላበት ስለሆነ የውሻን ደም ይጎዳል። ሽሮውም ያው ነው። እናንተ ቤት ደግሞ ጾም ይጾማል ብዬ እገምታለሁ፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ሲገባ ቤት ውስጥ የሚበስለው ሁሉ የጾም ይሆናል፣ ቡችላው ግን አይጾምም። የታሸገ የቡችላ ምግብ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ብትችዪ ጥሩ ነው፤ አጥንቱ የሚሠራበት ጊዜ ነውና። ካልተቻለ በተለየ ድስት ሩዝ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ከሥጋ ቤት የሚገኝ ቁርጥራጭ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ይቀቀልለት፤ ካልሲየም የሚጨመርበትን መንገድ ሐኪሙን ጠይቂ፣ ሥጋና ሩዝ ብቻውን ያንን አይሞላም። በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ በትንሽ በትንሹ። የመጀመሪያውን ሳምንት ባልደረባሽ የሚያበላውን ያንኑ አብሉትና ቀስ በቀስ ቀይሩ። የላም ወተት ብዙ ቡችላዎችን ያስቀምጣል። ቸኮሌትና ዘቢብ መርዝ ናቸው፤ የተቀቀለ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። ለእንቁጣጣሽ በግ ከታረደም ሳንባውንና ጉበቱን ጥሬውን እንዳትጥሉለት፤ በውስጡ ያለው የኮሶ ዘር በውሻው በኩል ወደ ሰው ይመለስና ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ያወጣል። ሲታመምም የሰው መድኃኒት አይነካ፤ ፓራሲታሞል እንኳን ይጎዳዋል። ቁንጫ ቢያወጣ ለቤት የሚነፋውን መርዝ አትርጪበት።

እንግዲህ ወደ እናትሽ እንምጣ። “እንዴት ላሳምናት” ብለሻል። እኔ ግን ደብዳቤሽን ሁለተኛ ሳነበው ከዝርዝሩ ሁሉ የጎደለ አንድ ነገር ታየኝ። አንቺ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት የለሽም። ልጁ ትምህርት ቤት ነው። ቡችላው አራት ጊዜ ይበላል፣ በበላ ቁጥርና ከእንቅልፉ በነቃ ቁጥር ይሸናል፤ የሁለት ወር ቡችላ ሽንቱን ከሁለትና ሦስት ሰዓት በላይ አይዝም። ታዲያ በዚህ ሁሉ ሰዓት ቤት ያለው ማነው? ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትሽ ናቸው። ቡችላው ለልጁ ይመጣል እንጂ የሚውለው ከእርሳቸው ጋር ነው። ምናልባት “ሥዕለ ማርያም ባለበት ቤት” ያሉት ይህንንም ጨምረው ይሆን? እኔ አላውቅም፤ አንቺ ግን ጠይቀሻቸዋል? ሥዕሏን ማክበራቸው እውነት ነው፣ ማንም አይጠራጠርም። ነገር ግን አንዲት ትልቅ ሴት “ደክሞኛል፣ ጎንበስ ብዬ ሽንት መጥረግ አልችልም” ማለት ሲከብዳት ሌላ ምክንያት ታስቀድማለች።

ስለዚህ ልታሳምኚያቸው አትቀመጪ። ልጁ በሌለበት፣ ቡና አፍልተሽ፣ “እማዬ፣ ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር የምትውዪው አንቺ ነሽ፤ ምን ያስፈራሻል?” በያቸው። ከዚያ ዝም በዪ። የጸሎት ቦታቸው ጉዳይ ከሆነ መልስ አለው፦ ክፍላቸው በር ላይ አናጺ የሚሠራት ዝቅ ያለች የጣውላ መከለያ ትበቃለች፤ ቡችላው ከወጥ ቤቱና ከሳሎኑ ጥግ አያልፍም፤ ወሰኑንም የሚያሰምሩት እርሳቸው ይሁኑ። ከፈለጉ የነፍስ አባታቸውን ይጠይቁ፤ አንቺ ከምትከራከሪያቸው የእርሳቸው ቃል ይሻላል። በነገራችን ላይ መጽሐፈ ጦቢት ውስጥ ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻው ተከትሎት ሄዷል። ይህን የምነግርሽ እናትሽን እንድትረቺበት አይደለም፤ ልጅሽ ለአያቱ ቢያነብላቸው ግን ኩርፊያው የሚላላ ይመስለኛል።

ጉልበታቸውና ድካማቸው ከሆነ ደግሞ ጊዜ ይረዳናል። ቡችላ ከእናቱና ከወንድሞቹ ከስምንት ሳምንት በፊት ባይለይ ይመረጣል፤ የንክሻን ልክ የሚማረው ከእነሱ ጋር ሲጫወት ነው። ያንቺ ቡችላ ስምንት ሳምንት የሚሞላው ሰኔ 11 አካባቢ ነው። የልጅሽ ፈተናም እያለቀ ይሆናል። ሐምሌንና ነሐሴን ቤት ነው፤ የሚመግበውም፣ ሰጋቱራውን የሚቀይረውም እሱ ሊሆን ይችላል። የእብድ ውሻ ክትባቱ ሐምሌ ውስጥ፣ የሌላው ተከታታይ ክትባት መጨረሻ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ይደርሳል። መስከረም ሲጠባ ቡችላው አራት ወር ተኩል ይሆነዋል፤ ያኔ ሽንቱን የሚይዝበትና የሚበላበት ሰዓት ሌላ ነው። የቀኑን ክፍተት ደግሞ ከብሎኩ አንድ ጎረምሳ በትንሽ ገንዘብ እኩለ ቀን ላይ እንዲያወርደው ማነጋገር ትችያለሽ። ለባልደረባሽ ነገ ንገሪው፤ ሦስት ሳምንት እንዲታገስሽ፣ አንቺም የቡችላውን ምግብና የመጀመሪያውን ክትባት እንደምትችዪ። ቤት ጠበበኝ ላለ ሰው ይህ ቀላል ልመና አይደለም፤ ባዶ እጅሽን ካልሄድሽ ግን እምቢ የሚልሽ አይመስለኝም። ልጅሽም በየቅዳሜው እየሄደ ይየው። ሊወስደው ሲሄድ አንድ ጨርቅ ይዞ እናቲቱንና ቡችሎቹን አሽቶ ያምጣው፤ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች የሚያለቅሰው ሽታቸው ናፍቆት ነው፤ ጨርቁንና ሞቅ ያለ ውኃ የሞላ በጨርቅ የተጠቀለለ ሃይላንድ ካርቶኑ ውስጥ ብታደርጉለት ይረጋጋል። ጎረቤቶቻችሁን ግን አስቀድማችሁ አስታውቁ፤ ኮሚቴም ካላችሁ ስለ ውሻ የተስማማችሁት ነገር መኖሩን ጠይቂ።

ስለ ልጅሽ ዝምታም አንድ ጥያቄ አለኝ። ከድሮው ግቢ የናፈቀው ማን እንደሆነ በስሙ ታውቂያለሽ? ቡችላ ጓደኛ ይሆናል፣ የድሮ ጓደኛን ግን አይተካም። ከእነዚያ ልጆች አንዱን በክረምቱ ሁለት ቀን ቤታችሁ አምጥተሽ አሳድሪው። ሌላው ደግሞ እዚያው ደረጃው ላይ ነው ያለው። ቡችላ እስከ ሦስትና ሦስት ወር ተኩል ድረስ ብዙ ሰውና ብዙ ድምፅ መልመድ አለበት፤ ክትባቱ እስኪያልቅ መሬት ላይ አይለቀቅም እንጂ ታቅፎ መውረድ ይችላል። ልጅሽ አቅፎት ይውረድ፣ ባጃጅም ደወልም ያሰማው። ቡችላ ያቀፈ ልጅ ደረጃ ላይ ብቻውን ብዙ አይቆምም።

እናትሽ ይህን ሁሉ ሰምተው አሁንም አይሆንም ካሉ ግን አታስገቢው። ቀኑን የሚውሉበት ቤት ነው። የዚያን ጊዜ ባልደረባሽ አንዱን ቡችላ ለራሱ የሚያስቀር ከሆነ ልጅሽ የእሱ ረዳት ቢሆንና ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ቢመግበው፣ ቢያጥበው፣ ክትባቱን ቢቆጥርለት ምን ይመስልሻል? እንደ ቤቱ ባይሆንም ባዶ እጅ መቅረት አይደለም። ለልጁ እምቢታውን የምትነግሪው ግን አንቺ ሁኚ። “አያትህ ከለከለች” አትበዪው። “ሳልጠይቃት ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፤ ቤታችን አሁን አይችልም” በዪው። ቢያለቅስም በአንቺ ላይ ያልቅስ።